ወደ ቀኝ ያጋደለች መኪና

ማክሰኞ

ዜናው የደረሰኝ ባለፈው ወር ማክሰኞ ቀን ነው፤ ዛሬም ማክሰኞ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ ነው። ወንድሜ ግን «መኪና ሻጭ የተናገረውን ይክዳል፤ ያሉሽን ቀን በቀን ጻፊ» አለኝ። ምራቴ ያልተጻፈበት ደብተር ሰጠችኝ።

ያን ቀን የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ከቁልቁለቱ በታች መኪናዋ ስትመጣ ሰማኋት። የልጄ መኪና ሳትታይ ነው የምትሰማው፤ ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር «ቋ፣ ቋ» ትላለች፣ ምርኩዝ እንደያዘ ሽማግሌ። ምራቴን «መጣ፤ ሳህን አውጪ» አልኳት። ዛሬስ በጊዜ ለቀቁት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በር ስከፍት ከመኪናዋ የወረደው ልጄ የሚሠራበት ሕንፃ ፎርማን ነው።

የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እማማ፣ መኪናዋን አመጣሁልዎት።»

መኪና አምጣልኝ ያለው ማን ነው? ከዚያ በኋላ «ይቀመጡ» አለኝ። ምራቴን «ውሃ ስጫቸው» አላት፤ እሷን ማን ውሃ እንደሚሰጣት አላሰበም። የሊፍቱ ጉድጓድ ላይ ሳንቃ መኖር ነበረበት አለ። ሳንቃውን አንዱ ለሌላ ሥራ አንስቶታል። ልጄ የሴራሚክ ካርቶን ታቅፎ ወደ ኋላ ሲራመድ… «ወዲያው ነው፤ አልተሰቃየም» አለ። እንዲህ ባለ ቀን ፎርማን ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ሊወጣ ሲል በምን እንደሚመለስ አላሰበበትም ኖሯል። በዝናብ በእግሩ ወረደ። ሳንቃ እንዲጠብቅ የተቀጠረው ሰው እንዲህ ያለ ነው።

ሐሙስ

ልጄን የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል። ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ወለል ተንጋዶ ካየ ምግብ አይዋጥለትም፤ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ የግድግዳ ሥዕል ያቃናል። እንዲህ ያለው ሰው ካለው መኪና ሁሉ መርጦ ያገለገለች፣ ወደ ቀኝ ያጋደለች መኪና ገዛ። ሲገዛት ቀጥ ያለች ነበረች ይላል። ወር ሳትቆይ የኋላ ቀኝ እግሯ ወረደ፤ ማንኳኳትም ጀመረች። ሻጮቹ ዘንድ ሲመላለስ «ድምፅ ብቻ ነው፤ ይለመዳል» አሉት። ዋስትናዋ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

ለቅሶ የሚደርሱት ሁሉ በር ላይ የቆመችውን መኪና ሳያዩ አያልፉም። አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ «ውይ፣ መኪናይቱስ ምን ሆና ነው የጎበጠችው?» አለች።

«አዝና» አልኳት።

ወንድሜ ዕድሜውን በሾፌርነት የጨረሰ ሰው ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ ብዙ አይነዳም፣ ምላሱ ግን አልደከመም። በለቀስተኛው ፊት «እኔን ሳያማክር ገዛ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን…» ብሎ አፉን ያዘ። አንዱ ሳለ።

«ጨርሰው እንጂ» አልኩት።

ተረቱን አልጨረሰውም። ምሳውን ጨርሶ ሄደ።

አርብ

ዛሬ ምራቴን ሐኪሟ አይታታለች። ሕፃኑ በእግሩ በኩል ተቀምጧል አለች፤ አልዞረም። ምጥ ሲጀምራት ደቂቃ ሳታባክን ትምጣ፤ ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም።

ዝናብ ከጣለ በኛ ዳገት ታክሲ አይወጣም። ይህቺው መኪና ናት ያለችን። እንደ አያያዟ ደግሞ ምጡ ሳይመጣ እሷ መንገድ ላይ ትወልዳለች።

ስለዚህ ዋስትናችንን እንጠይቃለን። የልጄ መብት ነው።

ሰኞ

ሻጮቹ ዘንድ ሄድን። ምራቴ ነዳች፣ ሆዷ ከመሪው ጋር እየተጋፋ።

የሽያጩ ሰውዬ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው እጅ የሚነሳው። ምላሱ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ። «እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ! ምን እናሳይዎት?»

«ያሳያችሁንን አይተናል» አልኩት።

ነገሩን ስንነግረው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በጣም ያሳዝናል። ሟቹን አስታውሳቸዋለሁ፤ ጨዋ ደንበኛ ነበሩ።»

«ሟቹ አትበለኝ።»

«ይቅርታ እናቴ።»

«እናትህም አይደለሁ።»

ወረቀቱን አገላብጦ አየና ዋስትናው የተሰጠው ለገዢው ነው አለ። በመመሪያው መሠረት ገዢው ራሱ ቀርቦ ማመልከት አለበት።

«ገዢው ራሱ?»

«መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ስልኩ እናንተ ዘንድ ተመዝግቧል፤ ደውልለት። ሲያነሳ ግን እኔንም አገናኘኝ፤ የምነግረው አለኝ።»

ሰውዬው ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። ምራቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሚስቱ መሆኗን፣ የወራሽነት ወረቀትም እንዳላት አስረዳችው። ለአለቃዬ ልንገር ብሎ ገባ፤ ሻይ ጠጥቶ ወጣ፤ ከንፈሩ ላይ ይታይ ነበር። «እሺ፣ ለእናንተ ሲባል ትመርመር። ሐሙስ አምጧት» አለ።

ለእናንተ ሲባል! መኪናዋን ሲሸጥ ለኛ ሲል ነው የሸጠው?

ሐሙስ

በችኮላ። ሄድን። አልተመረመረችም። ዝናብ። ነገ እጽፈዋለሁ።

አርብ

የትናንቱ እንዲህ ነው።

የመካኒኮቹ አለቃ ወፍራም ነው፤ ሲያጎነብስ ያቃስታል። ጎንበስ ብሎ አያትና «ባዶ ትሁን» አለ።

«ምኗ?»

«የኋላው ዕቃ ይውጣ እማማ። መሬት ነክታለች እኮ። ጭነት እያለ የእግሯ ሞላ ይሁን አሞርዛተሯ ምን አውቃለሁ?»

ከኋላ ያለው የልጄ የሥራ ዕቃ ነው። መቁረጫው፣ የጎማ መዶሻው፣ የማጣበቂያ ከረጢቶቹ፣ ከየሥራው የተረፈው ሴራሚክ። በገዛ እጁ ነው የደረደረው፤ የትኛው የት እንዳለ እሱ ያውቃል። ዕቃው ሲነካበት አይወድም። እንኳን ባዕድ፣ እኔ እናቱ ስነካበት ፊቱ ይለወጣል።

«መክፈቻው ተበላሽቷል» አልኩት።

«እኔ እከፍተዋለሁ።»

«እጅህን!» ብዬ የኋላ ኮፈኑ ላይ ተደገፍኩ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ምራቴ አየችኝ። ለውሸታሞች ትንሽ ውሸት ኃጢአት አይሆንም።

ይኸው ነው ዘዴያቸው። ዕቃውን አስወጥተው ሲያበቁ «ጭነት ጭናችሁ ነው የሰበራችኋት» ሊሉ ነው። የሌባ ዓይን ከጓዳ አይርቅም። ሳይመረምሩ መለሱን። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ቋ፣ ቋ። ምራቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጅቷ ደግሞ ዝምታ ታበዛለች።

ረቡዕ

የሽያጩ ሰውዬ ስልክ አያነሳም። በወንድሜ ስልክ ስደውል አነሳ። ድምፄን ሲሰማ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብሎ ዘጋ። የሚሸጣት መኪናም የሱ ጆሮም አንድ ዓይነት ዋስትና ነው ያላቸው።

ቅዳሜ

ዛሬ የሰማሁትን ልጻፍ ወይስ ልተው? ልጻፈው።

ወንድሜና ምራቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። እኔ መስኮቱ ስር አልጋ አነጥፋለሁ። ወንድሜ ሹክሹክታ አያውቅም፤ በጭነት መኪና ሞተር ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው።

«እህቴ እንዲሠራላት አትፈልግም» አለ። «ማስረጃ አለኝ። ትከራከራለች፣ ትሳደባለች፣ ስታገኝ ደግሞ ትሸሻለች።»

«ዝም በል አጎቴ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! አንቺ ምጥሽ በመጣ ጊዜ በምን ልትሄጂ ነው? በስድብ?»

«ዕቃውን እኔ በሌሊት ላውጣ ብዬ ነበር» አለች ምራቴ። «ከረጢቱን ማንሳት አቃተኝ። ደግሞም… ሳያዩኝ ማውጣት አልፈለግሁም። መስረቅ መሰለኝ።»

ወንድሜ የሚናገረውን አያውቅም። ሰው ሥራ ሲፈታ ነገር ይፈትላል። እኔ እንዳይሠራልኝ ብፈልግ ይህን ሁሉ መንገድ እመላለሳለሁ? ልቡና ይስጠው።

ምራቴ ግን ከረጢት ለማንሳት መሞከሯ። በዚያ ሆዷ። ማን አንሺ አላት? ጅል ናት።

ራት አልበላሁም፤ ስላላማረኝ ነው።

ማክሰኞ

ምራቴን ለምርመራ ስንወስዳት መኪናዋ ከመንገድ ቀረች።

ዳገቱን ወርደን ወደ ዋናው መንገድ ልንታጠፍ ስንል የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ቀጥሎ ጭስ። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ከላዩ ካለው ቆርቆሮ ጋር ሲፋተግ ሲፋተግ ተልጦ ኖሯል። ምራቴ ቀስ ብላ ዳር አስያዘች። ዝናቡ ይወርዳል። ወጥታ ጎማውን ልታይ ጎንበስ አለች፤ መጎንበስ አልቻለችም። መኪናዋን ይዛ ቆመች።

አንድ ታክሲ አጠገባችን ቀዝቀዝ አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አየን። «እማማ!» አለኝ፣ «ምን ጭናችሁ ነው እንዲህ የተቀመጠችው? ሬሳ ነው?» ተሳፋሪው ሳቀ። ሄዱ።

ምራቴ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አልቆም አላት። መኪናዋን ተደግፋ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

ስድ! ይህ ነው የዛሬ ሰው። መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማን ይሆን? አፍ አይፈተኑም እንዴ?

ምራቴን አቀፍኳት መሰለኝ። ወይም እሷ አቀፈችኝ። ልብሳችን ስለረጠበ አላወቅሁም።

ሐኪም ቤት በሰው መኪና ደረስን። አሁንም ሕፃኑ አልዞረም። ቀኑ ቀርቧል አለች ሐኪሟ። መኪናዋን ወንድሜ ጎማ ለውጦ አመጣት።

ረቡዕ

ዛሬ የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩት።

ማንም አላገዘኝም። ወንድሜ ሊረዳኝ ሲነሳ «ተቀመጥ» አልኩት። ምራቴ በር ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ትይ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ውሃ ነው የፈሰሰው። የኮፈኑ ላስቲክ ቀዳዳ ኖሮት የክረምቱ ዝናብ ሁሉ ገብቷል። የማጣበቂያ ከረጢቶቹ ረጥበው ደርቀው ድንጋይ ሆነዋል፤ ከመኪናዋ ወለል ጋር ተጣብቀዋል። መቁረጫው ዝጓል። የዕቃ መጥረጊያው ጨርቅ ሻግቷል። ሥራውን የሚያከብር ሰው ዕቃ። በሳምንቱ ብከፍተው ኖሮ ይህ ሁሉ…

ዋስትናው የላስቲክ ቀዳዳ አይሸፍንም መቼስ።

የደረቀውን በገዛ መዶሻው ፈልጬ አወጣሁት። ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። ከየቤቱ የተረፈ ነው፤ ሁለት እንኳን የሚመሳሰል የለም፤ ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ አበባ ያለበት። «ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ ምን ሊያደርገው ነው?» አልኩ።

«እንጃ እማዬ» አለች ምራቴ። «መጣል ስለማይችል ነው። እኔም ስቆጣው ነበር።»

«ትቆጪው ነበር?»

«ሁልጊዜ። መኪናዋ እኮ በዚህ ነው የምትጎብጠው እለው ነበር።»

«ምን ይላል?»

«‹ሞላዋ ነው› ይላል። ‹ጭነቱ አይደለም፣ ሞላዋ ነው።› ግግም ይላል። ከማን እንደወረሰው አላውቅም።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ጨዋታ ታውቃለች ለካ።

የመጨረሻውን ካርቶን ሳወርድ መኪናዋ በግራ በኩል ብድግ አለች። በቀኝ በኩል ግን ንቅንቅ አላለችም። እንደወደቀች ቀረች። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ዞሮ አያት።

«ሞላዋ ነው» አለ።

ልጄ ልክ ነበር። ይሰመርበት። ሌሎቹም ትንሽ ልክ ነበሩ፤ እሱን ማስመር አያስፈልግም።

ሐሙስ

ባዶዋን ይዘናት ሄድን። ወፍራሙ መካኒክ በክሪክ አነሳት፣ ስሯ ገባ፣ ወጣ። «የኋላ ቀኝ ሞላዋ ተሰብሯል» አለ።

የሽያጩ ሰውዬ ፈጠን ብሎ «በጭነት የተሰበረ ነው፤ ዋስትናው አይሸፍንም» አለ። ገና ሳያየው! ከሽቶው ቀድሞ ሲደርስ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ልጄ ሊያመለክት ሲመጣ ‹ድምፅ ብቻ ነው፣ ይለመዳል› ያልከው አንተ አይደለህም?»

«አላስታውስም እናቴ።»

«ጨዋነቱን አስታውሰህ ነበር እኮ። ማስታወስህ እንደፈለገ ይመጣል ይሄዳል፣ እንደ መኪኖችህ።»

አልተሳደብኩም፣ አልጮህኩም። አዳራሹ መሐል በጣም የምታብረቀርቅ መኪና ቆማለች። በሯን ከፍቼ ገባሁና ተቀመጥኩ። ጫማዬ ጭቃ ነበር።

«እናቴ! እዚያ አይቀመጡም!»

«ገዢው ራሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አልኩት። «መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች መኪናዋን ሊያዩ መጡ። ሴትየዋ «እማማ፣ እንዴት ናት? ጥሩ ናት?» አለችኝ፤ የባለቤቱ እናት መስያት ይሆናል።

«ወንበሩ ይመቻል» አልኳት። «ዋስትናም አላት። የሚሞት ሰው ካልገዛት አትቸገሩም።»

ሄዱ። ቀጥሎ የመጡትም ሄዱ። ምራቴ ደጅ ቆማ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ያመማት መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው። ሦስተኛዎቹ ገና በር ላይ ሳሉ የሽያጩ ሰውዬ ሮጦ መጣ። «ሞላው ይቀየርላቸው!» አለ። «ለእርስዎ ስንል ነው እንግዲህ።»

«ለእኔ አይደለም» አልኩትና ወረድኩ።

ቅዳሜ

መኪናዋ ተሠርታ መጣች።

ሞላውን ከሌላ መኪና አውጥተው ነው የገጠሙላት፤ ከቀድሞው ይረዝማል። አሁን ወደ ግራ ታጋድላለች። ወንድሜ ዞሮ ዞሮ አያትና «ሐሳቧን ለወጠች» አለ። ጎማው ግን አይፋተግም፤ ትሄዳለች። እንዲህ ነው ዋስትና ማለት።

ማታ ምራቴ በመኪናዋ ሱቅ ደርሳ ተመለሰች። በሩን እስክታንኳኳ ድረስ መምጣቷን አልሰማኋትም። ደነገጥኩ። ብርጭቆ ሰበርኩ።

«እንደ ሌባ ቀስ ብለሽ አትምጪ» ብዬ ተቆጣኋት። «ጥሩምባ ንፊ።»

«እሺ እማዬ» አለች። ስብርባሪውን አብረን ለቀምን።

እሁድ

ንጋት ላይ። ምጥ። ወንድሜ ይነዳል። ደብተሩን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ዝናብ።

እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ

ዳገቱን ስንወርድ ወንድሜ መንገዱ አይታየውም፣ እኔ ከኋላ ሆኜ «ግራ! ጉድጓድ! ግራ አልኩህ!» እላለሁ። ምራቴ እጄን ይዛለች፤ ጣቴ እስካሁን አልተዘረጋም። አንዴ ብቻ «እማዬ፣ እንደርሳለን?» አለችኝ።

«ባንደርስ የሽያጩን ሰውዬ አልምረውም» አልኳት።

ደረስን። ወዲያው አስገቧት። ከሐኪሞቹ አንዱ ሲሮጥ አየሁ፤ ሐኪም ሲሮጥ ማየት ጥሩ አይደለም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተረት ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ዘጋው።

ሴት ልጅ ናት። በቀዶ ሕክምና ወጣች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አለች ሐኪሟ፤ አልጨረሰችውም። የዘንድሮ ሰው ሁሉ ነገር አይጨርስም።

መዝጋቢዋ «አባቷ ይመጣሉ?» አለችኝ።

«ሞቷል» አልኳት። ስሙን ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ እንዳታበላሸው። አበላሸችው፤ አስደለዝኳት።

ሰኞ

ሕፃኗ ስታለቅስ ግግም ትላለች። ከማን እንደወረሰችው እኔም አላውቅም።

የዋስትናው ጊዜ ስላበቃ የሚጻፍ የለኝም። ይህን ደብተር ከኔ በኋላ ማንም ያገኘው፣ የኔን ስድብ እየዘለለ አንብቦ አንድ ነገር ያድርግልኝ፤ ለልጄ ነፍስ ይጸልይ። ረጅም አይሁን፤ እሱም ረጅም ጸሎት ላይ ያንቀላፋል። ለሽያጩ ሰውዬ መጸለይ የሚፈልግ ካለ በራሱ ጊዜ ይጸልይ።

በምትገቡበት ቤት ሁሉ ወለሉን ስትረግጡት ቀጥ ያለ ከሆነ፣ አንድ ሰው አቃንቶታል ማለት ነው። ልጄ የሰውን ወለል ያቃናው ተንበርክኮ ነው፤ እናንተ ቆማችሁም ቢሆን «ነፍሱን ይማር» በሉልኝ።